ከቆርኪ እስከ ብራና፦ የናቅነው ዕቃና የናቅነው እጅ

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

በቅርቡ አዳማ እህቴ ቤት ሄጄ ነበር። ሳሎን ስገባ ወለሉ በሙሉ ቆርኪ ነው። የለስላሳ፣ የአምቦ ውኃ፣ የቢራ ቆርኪ በየቀለሙ ተለይቶ በየሳህኑ ተቀምጧል። መሀል ላይ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ አንድ ትልቅ ካርቶን ዘርግታ፣ እጇ በማስቲሽ ተለውሶ ተንበርክካለች። "ምንድን ነው ይሄ?" ብላት "የቤት ሥራ" አለችኝ ቀና ሳትል።

የሥዕል መምህራቸው "ቤታችሁ ከሚጣል ዕቃ፣ የአንድ ታዋቂ ሠዓሊን አሣሣል ተከትላችሁ ሥዕል ሠርታችሁ አምጡ" ብሏቸዋል። እሷ የመረጠችው የአፈወርቅ ተክሌን ነው። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስታወት ሥዕል በእናቷ ስልክ ላይ ከፍታ፣ ችቦ የያዘውን ክፍል ብቻ ነጥላ በቆርኪ እየገነባች ነው።

የጎረቤት እትዬ ቡና ሊጠጡ ገቡና ወለሉን አይተው ሳቁ። "ልጅቷን ቁራሌው አደረጋችኋት እንዴ?" አሉ። ክፋት የለውም፣ ጨዋታ ነው። ልጅቷ ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ከሳምንት በኋላ ስደውል ውጤቱን ነገረችኝ፤ ከአሥር ስድስት። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ "ኮፒ ነው" ተብሎ ተጽፏል። "እንደ እሱ ሥሩ አለን፤ እንደ እሱ ስሠራ ኮፒ ነው አለኝ" አለች። መልስ አጣሁላት።

ይህን ጽሑፍ ያጻፉኝ እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው፤ "ኮፒ" እና "ቁራሌው"። አንዱ የተነሳው ሐሳቡ የሌላ ሰው ነው ተብሎ ነው። ሌላው የተነሳው ዕቃው የተጣለ ነው ተብሎ ነው። ሁለቱንም ይዤ ወደ ታሪካችን ስመለስ ያገኘሁት ነገር አስገርሞኛል። ኮፒ የምንለው ነገር የሥዕል ታሪካችን ግማሽ ነው። ቁራሌው የምንለው ሰው ደግሞ የቀረው ግማሽ ነው።

"ኮፒ"

ከመጀመሪያው ልጀምር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሠዓሊ ነበር። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለ የእንጨት ሥዕሉ ላይ ስሙ ተጽፏል። ይህ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነው፤ አብዛኛው የአገራችን ጥንታዊ ሥዕል የሠሪው ስም የለውም። የፍሬ ጽዮን እመቤታችን አሣሣል ግን በእሱ እጅ አልቀረም። ሌሎች ሠዓሊዎች ፊቷን፣ የልብሷን አጣጣልና ሕፃኑን የያዘችበትን ሁኔታ እያዩ ሠሩ። ዛሬ ሊቃውንት "ይህ የፍሬ ጽዮን ነው፣ ይህ ደግሞ የእሱን መንገድ የተከተለ ነው" እያሉ የሚከራከሩባቸው ሥዕሎች ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1480ዎቹ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ መጣ። የአገሩ ሰው መርቆሬዎስ አፍረንጊ አለው። እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ እዚሁ አግኝቶታል። የእሱን አሣሣልም የእኛ ሰዎች ተመልክተው ወሰዱ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሮማዋ ሥዕል ነገር ነው። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት እየተባለ በትውፊት የሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል አለች። በ1600 እ.ኤ.አ. ገደማ ቅጂዋ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በኩል ወደ እኛ ደረሰ። ሚስዮናውያኑ ብዙም ሳይቆዩ በአፄ ፋሲል ተባረሩ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። እጆቿን አጣምራ ሁለት ጣቶቿን የዘረጋችውን እመቤታችንን ያላየ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም። ሥዕሏ በብራና፣ በእንጨት፣ በግድግዳ ላይ በተጣበቀ ሸራ ላይ ለአራት መቶ ዓመታት ተቀድታለች።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የጎንደሩ ሠዓሊ ሮምን አላየም። በእጁ ያለው ቅጂ ነው፣ ምናልባትም የቅጂ ቅጂ። ሆኖም በቀኝና በግራ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዞ አቆመ። ዓይኖቿን አሰፋ። ልብሷን በጎንደር ወይዛዝርት ሐር አበጀው። ጀርባውን ከቢጫ ወደ አረንጓዴና ቀይ አስኬደው። ሮማዊ ቢያያት ዘመዱ መሆኗን ያውቃል፤ የእሱ አለመሆኗንም ያውቃል። ይህ "ኮፒ" ነው? ነው። የእኛ ነው? እሱም ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በአርባ አራት ክፍል እየከፈሉ በጨርቅ ላይ ሲሥሉ፣ እያንዳንዱ የቀደመውን እያየ ነው የሠራው። ፒያሳ የስጦታ ዕቃ መደብር ገብታችሁ የምታዩት ያንን ነው። የጥበብ ሰው አፍንጫውን ሊነፋበት ይችላል። ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ ያኖረ ሥራ ነው።

ከዚያ ዘመናዊው ትምህርት መጣ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1958 ዓ.ም. ገደማ እስክንድር ቦጎሲያን ከለንደንና ከፓሪስ ቆይታቸው ተመልሰው እዚያ አስተማሩ። ያስተማሩት ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ያሳደሩት ነገር ግን ጥቂት አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል፣ የደብተራውን ክታብ፣ የምዕራብ አፍሪካን ቅርጻ ቅርጽና የፓሪስን ሕልማም ሠዓሊዎች በአንድ ሸራ ላይ ማገናኘት እንደሚቻል አሳዩ። በተከታዮቹ ዓመታት "የእስክንድር መንገድ" የሚመስል ሥራ በብዛት ታየ። ያኔም "ኮፒ ነው" ያለ መምህር እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ከዚያ ትውልድ አንዱን ብቻ ልጥቀስ፤ ዘሪሁን የትምጌታ። የክታቡንና የቤተ ክርስቲያኑን ዓለም እሳቸውም ይዘውታል። ነገር ግን በሸራ ፋንታ የቀርቀሃ ስንጣሪዎችን ጎን ለጎን አሰልፈው፣ ቆዳም ጨምረው ሣሉበት። ሥዕሉ በየስንጣሪው ይቆረጣል፣ በሚቀጥለው ይቀጥላል። በሸራ ላይ ያለ መስመር ዝም ብሎ ይፈስሳል፤ በቀርቀሃ ላይ ያለ መስመር ደረጃ እየወጣ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢናሌ ተሸለሙበት።

ለእህቴ ልጅ ያጣሁት መልስ እዚህ ጋ ነው የተገኘው። ዕቃው ሲለወጥ ቅጂው ራሱ እንቢ ይላል።

የእሷን ሥራ ደግሜ አሰብኩት። የአፈወርቅ ሥራ መስታወት ነው፤ 150 ካሬ ሜትር መስታወት፤ ከኋላው ፀሐይ ሲመታው ነው የሚናገረው። ቆርኪ ደግሞ ብርሃን አያሳልፍም። ታዲያ ችቦውን እንዴት ታብራው? ልጅቷ ቆርኪዎቹን ገለበጠቻቸው። የነበልባሉ እምብርት ላይ ያሉት በሙሉ ቀለማቸው ወደ ካርቶኑ፣ ብርማው ውስጣቸው ወደ እኛ ነው። መብራት ሲበራ ያብለጨልጫሉ። ይህን አፈወርቅ አላስተማሯትም፤ መስታወት ላይ የሚገለበጥ ነገር የለም። ያስተማራት ቆርኪው ነው።

መምህሩ ግማሹን ልክ ነው። የሰዎቹ አቋቋም፣ የችቦው ቅርጽ የአፈወርቅ ነው፤ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የተገለበጡትን ቆርኪዎች ግን አላያቸውም። አራቱ ማርክ እዚያ ነበሩ።

መንገዱ

አሁን ወደ እኛው አካባቢ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ወደ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ከዚያ ወይ በስተግራ ወደ አዳማ ወይ በስተቀኝ ወደ ባቱና ሻሸመኔ የምትሄዱበትን መንገድ ታውቁታላችሁ። የጭነት መኪና፣ የሽንኩርትና የቲማቲም መደብ፣ የአበባ እርሻ ላስቲክ ቤት ነው የምናየው። በዚህ መንገድ ላይ ግን ከእጅ ከሚወድቅ ዕቃ የተሠራ የጥበብ ታሪክ ተዘርግቷል።

ቢሾፍቱ። ሜትር አርቲስት ለማ ጉያ የዚህ አካባቢ ሰው ናቸው፣ የአድአ ልጅ። በአየር ኃይል አገልግለዋል። ሥዕልን የያዙት በራሳቸው ጥረት ነው፤ ወንድሞቻቸው አሰፋ ጉያና ቱሉ ጉያም ሠዓሊዎች ናቸው። ለማ ጉያን ከሌላው የሚለያቸው የፍየል ቆዳ ነው። በቆዳ ላይ ሠሩ። የሽማግሌ ፊት፣ የእናት ፊት፣ የገበሬ ፊት። በብዙዎቹ ላይ የቆዳው የራሱ ቀለም የሰውየው ገላ ሆኖ ይቀራል፤ ሠዓሊው የሚጨምሩት ጥላውን ነው። እንስሳው በሕይወቱ ያገኘው ነጥብና ጠባሳ በሥዕሉ ሰው ፊት ላይ ይቀመጣል። ሁለት ቆዳ አንድ ዓይነት ስለማይሆን፣ ራሳቸውም ቢፈልጉ ያንኑ ሥዕል ሁለት ጊዜ መሥራት አይችሉም ነበር። በከተማቸው የአፍሪካ አርት ሙዚየም ብለው ከፍተው፣ በ2013 ዓ.ም. አረፉ።

ሞጆ። ከቢሾፍቱ ወደ አዳማ ስትሄዱ መስኮት የሚያዘጋው ሽታ የሞጆ ነው፤ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ። ተሳፋሪው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ከሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር በፊት ቢሾፍቱ ላይ "ድንቅ ጥበብ" ብሎ ያደነቀው ቆዳ ግን ከዚሁ ዓይነት ሥራ ነው የሚወጣው። በዚህ አልቀልድም፤ የፋብሪካ ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ ላይ ያደረሰው ጉዳት እውነተኛ ጉዳይ ነው፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል። እዚህ የማነሣው አፍንጫችንን የምንይዝበትንና የምናጨበጭብበትን ቦታ ነው።

ባቱ። በድሮ ስሟ ዝዋይ። ሐይቁ ላይ ደሴቶች አሉ፤ ከመካከላቸው ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በዮዲት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ እንደሸሹ፣ ለሰባ ዓመት ያህልም እንዳቆዩት ትውፊቱ ይናገራል። ትውፊቱን እንደ ትውፊት ያዙት። ሰዎቹ በዘመናት ያቆዩት የብራና መጻሕፍት ግን ተረት አይደሉም። ብራናም ያው የፍየልና የበግ ቆዳ ነው። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ስቡ ተፍቆ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል። ብዕሩ መቃ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይወጣል። ቁም ጸሐፊው በአንድ መጽሐፍ ላይ ወራት ይቀመጣል። ከጓዳና ከጓሮ የወጣ ዕቃ ነው ሁሉም፤ በረት ያለ ፍየል፣ ወንዝ ዳር ያለ መቃ፣ ምድጃ ላይ ያለ ጥቀርሻ።

ሻሸመኔ። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በፋሺስት ወረራ ጊዜ ለአገራችን ለቆሙ የውጭ አገር ጥቁሮች 5 ጋሻ፣ 200 ሄክታር ገደማ መሬት ሰጡ። በኋላ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች ራስ ተፈሪያን መጡ። ከመጡት አንዱ የሴንት ቪንሰንቱ ራስ ኃይሉ ተፈሪ ናቸው፤ ባንዲ እየተባሉ ይጠራሉ። ሥራቸውን የሚያሳዩት በሙዝ ቅጠል ነው። ከደረቀ የሙዝ ቅጠል እየቆረጡ፣ እየለጠፉ ሥዕል ይሠራሉ። ቀለም የለም። ጥቁሩም፣ ቡናማውም፣ ወርቃማውም፣ ነጣ ያለውም ቅጠሉ በደረቀበት ሁኔታ ያመጣው ነው። ከሩቅ ቀለም ቅብ ይመስላል፤ ሲጠጉት የቅጠሉ ጅማት ይታያል።

ሻሸመኔ ዙሪያ የሰው ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በእንሰት አገር ኮባ ዳቦ የሚጠቀለልበት ነው፣ ገበያ ላይ ቅቤ የሚቋጠርበት ነው። እኛ ዳቦውን በልተን ኮባውን እንጥላለን። ደሴት አቋርጦ የመጣ ሰው ግን የሙዙን ቅጠል አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። አንዳንድ ጊዜ የራስን ቤት ለማየት እንግዳ ያስፈልጋል።

"ቁራሌው"

አሁን ወደ ከባዱ ቃል ልምጣ።

ቁራሌው የሰፈር ድምፅ ነው። ጠዋት ጆንያውን በትከሻው አድርጎ "ቁራሌው!" እያለ ያልፋል፤ የተሰበረ ብረት ድስት፣ ያረጀ ሬዲዮ፣ ጠርሙስ፣ ፕላስቲክ ይገዛል። የሰበሰበው መጨረሻው ብዙ ጊዜ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ጫማ ይወጣል፣ ከበርሜል ምድጃ፣ ከቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ። ከአገሪቱ ምሁራን ይልቅ ስለ ዕቃ ባሕርይ የሚያውቁ ሰዎች እዚያ ተቀምጠዋል ብል አላጋንንም። ስማቸውን ግን አናውቅም።

ነገሩ የቆየ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን "ጠይብ"፣ ቆዳ የሚሠራውን "ፋቂ"፣ ሸክላ የምትሠራውን "ቡዳ" እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። በኦሮሞውም ዘንድ "ቱምቱ" እና "ፋቂ" የሚሉት ቃላት የሙያ ስም ብቻ ሆነው አልቆዩም። አብሯቸው የማይበላ፣ ልጁን የማይድርላቸው ሰው ብዙ ነበር። አርሶ የሚበላው በእነሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእነሱ ጠፍር ይጠምዳል፣ በእነሱ ስልቻ ይጭናል፣ በእነሱ ድስት ይበላል። ከዚያ ይሰድባቸዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲተው፣ ካልተወ እንደሚቀጣ አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ደርሶ ነበር። አዋጅ የሚያስፈልገው ስድቡ ምን ያህል ቢስፋፋ ነው?

አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። እትዬ ያሉትን ግን ሰምታችኋል። ልጅቷም የቀላችው ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ስለሚገባት ነው፤ በሰባተኛ ክፍል።

ከዚሁ መርካቶ ዕቃውን ሲያሰባስብ የኖረ ሌላ ሰው ደግሞ እናውቃለን፤ ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ። አዲስ አበባ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተወልደው ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የተመረቁት ኤልያስ፣ ቁልፍ፣ ክር፣ ቆርኪ፣ ፕላስቲክ፣ ቆዳ፣ ቀንድ፣ ጭቃ፣ ጭድ ሁሉ ሠርተውበታል። ዓለም ይበልጥ ያወቃቸው ግን በተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። የኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ ተጠልፎ ሹሩባ የመሰለ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ይሠራሉ። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ላይ የታየ የእርሻ ማሳ ነው። ሲጠጉት የአንድ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታዩ፤ በ2019 ከስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሸለሙ፤ በ2022 በቬኒስ ቢናሌ ዋና ትርኢት ተካተቱ። ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ጋር በመካኒሳ አካባቢ የገነቡት ዞማ ሙዚየም ደግሞ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። አያቶቻችን ያፈረስነው ቤታቸው የተሠራበት ያው ጭቃና ጭድ።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የወንበር ሽመና የታተመበት የሰም ጨርቅ ሥዕሉ ላይ ለጠፈ፤ በ1942 ደግሞ የብስክሌት መቀመጫና መሪ አጋጥሞ የበሬ ራስ አደረገው። ጋናዊው ኤል አናትሱይ በናይጄሪያ ንሱካ ከተማ ሆኖ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ የሚያለብስ፣ የጋና ሸማ የሚመስል ታላላቅ ሥራ ሠራ። በ2015 የቬኒስ ቢናሌ የዕድሜ ልክ ወርቃማ አንበሳ ሰጠው። የእህቴ ልጅ ስለ እሱ ሰምታ አታውቅም። ቆርኪ ላይ የደረሰችው በራሷ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። "ቆሻሻን ወደ ጥበብ" የሚለው አባባል በስብሰባ አዳራሾች ውስጥ በጣም ይወደዳል፤ ባነር ላይ ያምራል። እኔን ግን ቅር ይለኛል። የመጀመሪያው ምክንያቴ፣ ቆዳም ሆነ ኮባ፣ ጭቃም ሆነ መቃ ቆሻሻ ሆነው አያውቁም፤ ቆሻሻ ያልናቸው እኛ ነን። አርሲ ውስጥ ቆዳን በዛጎልና በጨሌ አስጊጣ የምትለብስ እናት፣ ቅልን አጥና፣ ሰፍታ፣ የወተት ዕቃ የምታደርግ እናት ከቆሻሻ ጥበብ እየሠራች አልነበረም። ዕቃ እየሠራች ነበር፤ ስታምር ደግሞ እንድታምር አድርጋ። ማርትሬዛ ብር አቅልጦ የአንገት መስቀል ያወጣ አንጥረኛም እንዲሁ። ሁለተኛው ምክንያቴ፣ የተጣለ ኤሌክትሮኒክስ በባዶ እጁ የሚፈታው ወጣት እርሳስና ጭስ ነው የሚያገኘው። ሥራው ጋለሪ ሲደርስ ወይን ይጠጣል፤ እሱ ጋ ሲደርስ ሳል ነው። ጥበቡን ስናደንቅ እጁን ከረሳን፣ የድሮውን ስድብ በአዲስ ልብስ አቀረብነው ማለት ነው።

ስም

ወደ ፍሬ ጽዮን ልመለስ። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የምንጠራው ስሙን ስለጻፈ ነው። በዚያው ዘመን ብራናውን የፋቀው፣ እንጨቱን የጠረበው፣ ቀለሙን የደቆሰው ስም የላቸውም። የለማ ጉያን ስም እናውቃለን፤ ቆዳውን ያለፉትን አናውቅም። የኤልያስ ስሜን ስም እናውቃለን፤ ሽቦውን በጆንያ ያመጣውን አናውቅም። ይህ የሠዓሊዎቹ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ዕቃውን ያከበሩት እነሱ ናቸው። ጥፋቱ የእኛ የተመልካቾቹ ነው፤ ያለቀውን ነገር እንወዳለን፣ አሠራሩን እናፍራለን።

ለዚህ ነው የአንዲት ልጅ የቤት ሥራ ያስጨነቀኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ተማረች፤ ከሰው መማር ኮፒ እንደሚባል፣ ከተጣለ ዕቃ መሥራት ቁራሌው እንደሚያሰኝ። ሁለቱንም ካመነች የሚቀራት ምንድን ነው? ከማንም ሳትማር፣ ከውጭ በመጣ ቀለም መሥራት። የቀለሙን ዋጋ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መምህራን ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ልጆቹ ሥራቸው ሥር ሁለት መስመር ይጻፉ፤ "ከእገሌ የተማርኩት ይህ ነው፣ ዕቃው ያስገደደኝ ይህ ነው" ብለው። የመጀመሪያው መስመር ስርቆትን ያስቀራል፤ የሚገባውን ሰው ስም ይጠራል። ሁለተኛው የልጁን የራሱን ሥራ ያሳያል። ማርክ የሚሰጠው ለሁለተኛው ነው።

የአዳማና የአካባቢው ወላጆች ደግሞ፣ ልጆቻችሁን ቅዳሜ ከምትወስዱበት መዝናኛ አንዱን ቀን ቀንሳችሁ ቢሾፍቱ የለማ ጉያን ቆዳዎች አሳዩአቸው። በአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሻሸመኔ ዘመድ ያላችሁ የሙዝ ቅጠሉን አሳዩ። ሲመለሱ "ይህን እኔም እችላለሁ" ይሏችኋል። እንዲህ ካሉ ጉዞው ተሳክቷል።

የእህቴ ልጅ ሥራ አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀዩ "ኮፒ ነው" ከሥሩ እንዳለ ነው፤ እንዳትቆርጠው እኔ ነኝ የለመንኳት። ታሪክ ነውና ይቀመጥ።

ባለፈው እሑድ ደውላልኝ ነበር። እትዬ ዘመዳቸውን ድረው፣ ሰርጉ ያለቀ ዕለት ማታ በር አንኳኩተው ገቡ አለች። በእጃቸው አንድ የዱቄት ማዳበሪያ ይዘዋል፤ ግማሽ ድረስ ቆርኪ። "እንካ የኔ ልጅ፣ አጥቤልሻለሁ" ብለው አስቀመጡላት።

"ምን ልትሠሪበት ነው?" አልኳት።

"ገና አላወቅኩም። መጀመሪያ በቀለም ልለየው" አለችኝ።